የፎርድ ካሚዮን ሞተርና የአርዱን ቴስታታ



የሞተር ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው አዲስ ሞተር ስለ ፈለሰፉ ሰዎች ነው። ሌላው የሠራውን፣ ያረጀውንና ጉልበቱ ያነሰውን ሞተር ፈትተው፣ ጉድለቱን መርምረው፣ ከቀድሞው ይልቅ ብርቱ አድርገው ስለ መለሱት ሰዎች የሚጻፈው ግን ጥቂት ነው። ዛሬ የምናቀርብላችሁ ከእነዚህ የአንደኛውን ታሪክ ነው። ሞተሩ ፎርድ ቪ-8 ይባላል፤ ጉልበት እንዲጨምርለት የተሠራው ዕቃ ደግሞ አርዱን ይባላል። ነገሩ የመካኒኮች ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታያችሁ ብትኖሩ፣ ጭነት የተሸከመ ካሚዮን ውሃው ፈልቶ ዳገት ላይ ሲቆም፣ ከኋላውም ረዳቱ ድንጋይ ይዞ ወደ ጎማው ሲሮጥ ያያችሁበትን ቀን አስታውሱ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውንም አስቀድመን እንገልጻለን።

ስምንት ሲሊንደር ያለው ሞተር ከ1932 በፊት የባለጸጎች ዕቃ ነበር። ካዲላክ የተባለው ፋብሪካ እንዲህ ያለውን ሞተር በ1914 ለገበያ ማቅረቡ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በዚያን ዘመን የነበሩት ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሮች ከተለያየ ቁራጭ ብረት በብሎን እየተጋጠሙ ይሠሩ ስለ ነበር፣ ዋጋቸው ከተራው ሰው ዐቅም በላይ ነበር። ሄንሪ ፎርድ በሁለት ረድፍ የቆሙትን ስምንቱን ሲሊንደሮችና ክራንክሻፍቱ የሚዞርበትን ቤት በአንድነት፣ ከአንድ ቅልጥ ብረት፣ በአንድ ጊዜ አፍስሶ ለማውጣት ቈረጠ። ሥራው በቀላሉ አልተከናወነም፤ መጀመሪያ ላይ ከማቅለጫው ቤት የወጣው ብሎክ ብዙው ተበላሽቶ ተጥሏል። ቢሆንም በ1932 ሞተሩ ለሕዝብ ታየ። የሲሊንደሮቹ ይዞታ በጠቅላላው 3.6 ሊትር፣ ጉልበቱም 65 ፈረስ ነበር። ዛሬ ይህ ቍጥር ፈገግ ያሰኛል፤ በዚያን ጊዜ ግን መካከለኛ ኑሮ ያለው ሰው ሊገዛው በሚችል መኪና ውስጥ ስምንት ሲሊንደር መገኘቱ እንደ ተአምር ተቈጠረ። ብዙም ሳይቆይ ያው ሞተር በካሚዮን ላይ ተገጠመ።

ፋብሪካው ከዓመት ወደ ዓመት ጉልበቱን ከፍ እያደረገ ሄደ። በ1934 85 ፈረስ ሆነ፤ በ1939 መርኩሪ ለተባለው መኪና ሲሊንደሩ ሰፍቶ 3.9 ሊትር ሲሆን 95 ደረሰ፤ ከጦርነቱ በኋላ በ1946 100 ሆነ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ተደክሞ የተገኘው ጭማሪ 35 ፈረስ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። ከዚያ በላይ ሞተሩ እንደ ግትር በቅሎ እምቢ አለ። እምቢታው ከየት እንደ መጣ ለመረዳት ሞተሩን በሐሳብ መፍታት ያስፈልጋል።

ሞተር ማለት ከሁሉ አስቀድሞ የሚተነፍስ ዕቃ ነው። አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ያምቃል፤ ያቃጥላል፤ ጢሱን ያስወጣል። ስለዚህ ጉልበቱ የሚመዘነው በያንዳንዱ ትንፋሽ ምን ያህል አየር ሊያስገባ፣ የተቃጠለውንም ምን ያህል አጥርቶ ሊያስወጣ በመቻሉ ነው። የፎርድ ቪ-8 ቫልቮች ከሲሊንደሩ በላይ ሳይሆኑ በብሎኩ ውስጥ፣ በሲሊንደሩ ጐን የቆሙ ነበሩ። ቴስታታው ከላይ እንደ እንስራ ክዳን የተከደነ ጠፍጣፋ ብረት ብቻ ነበር፤ ፈረንጆችም ሞተሩን «ጠፍጣፋ ራስ» ብለው የጠሩት ከዚህ የተነሣ ነው። አሠራሩ ርካሽ ነው፤ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ የሚሰበርና የሚላላ ነገርም አይበዛበትም። ጉድለቱ በአየሩ መንገድ ላይ ነው። አየሩ በቫልቩ በኩል ሽቅብ ወጥቶ፣ ከቴስታታው በታች ባለው ጠባብ ቦታ ወደ ጐን ታጥፎ፣ እንደ ገና ቍልቍል ወደ ሲሊንደሩ መውረድ አለበት። በር ከፍቶ እንደ ገባ ወዲያው ግድግዳ የሚገጥመውን ሰው ይመስላል።

ከመግቢያው ይልቅ መውጫው የባሰ ነበር። የጢሱ ቫልቮች በሁለቱ ረድፎች መካከል ካለው ሸለቆ በኩል ስለ ነበሩ፣ የጋለው ጢስ ወደ ውጭ ለመድረስ በብሎኩ ውስጥ፣ በሲሊንደሮቹ መካከል ተሹለክልኮ ማለፍ ነበረበት። ባለፈበትም ቦታ ሁሉ ማቀዝቀዣውን ውሃ ያግለው ነበር። በያንዳንዱ ረድፍ አራት ሲሊንደሮች ሳሉ የጢሱ መውጫዎች ሦስት ብቻ ነበሩ፤ መካከለኞቹ ሁለቱ ሲሊንደሮች አንዱን ቀዳዳ ይጋሩ ነበርና። ይህም ሳያንስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁለቱ የውሃ ፓምፖች ከቴስታታው ጋር ተያይዘው የጋለውን ውሃ ከላይ ይስቡ ነበር እንጂ የቀዘቀዘውን ወደ ብሎኩ አይገፉም ነበር። ይህ ስሕተት የታረመው በ1937 ነው።

በቀላል መኪና ላይ ይህ ሁሉ እምብዛም አይታወቅም፤ ቀላል መኪና ከጉልበቱ ሁሉ የሚጠየቀው ለአጭር ጊዜ ሲቀድም ወይም ሲነሣ ብቻ ነውና። ካሚዮን ግን ሌላ ነው። ሁለትና ሦስት ቶን ተሸክሞ ረጅም ዳገት የሚወጣ ካሚዮን ሞተሩ ያለውን ሁሉ ለሰዓት ያህል ሳያርፍ እንዲሰጥ ይገደዳል፤ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለ ሆነም ራዲያተሩን የሚያበርደው ነፋስ አያገኝም። የፎርድ ቪ-8 ሁለቱ ሕመሞች፣ ማለት የትንፋሹ ማነስና የሙቀቱ መብዛት፣ ጐልተው የሚታዩት እዚህ ላይ ነው።

ለአገራችንም ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1941 ከኬንያ ተነሥቶ በሶማልያ በኩል አዲስ አበባ ከደረሰው ጦር ጋር የመጡት የደቡብ አፍሪቃ ማርሞን ሄሪንግተን ብረት ለበስ መኪናዎች በዚሁ በፎርድ ቪ-8 ሞተር የሚሄዱ ነበሩ። በከፍተኛ ቦታ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ በተፈጥሮ ትንፋሹ ብቻ የሚሠራ ሞተር ለያንዳንዱ 300 ሜትር ከፍታ ከመቶ ሦስት ያህል ጉልበቱን ያጣል። እንግዲህ በፋብሪካው ወረቀት ላይ 85 ፈረስ የተጻፈለት ሞተር 2400 ሜትር በሚሆነው በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ 65 ፈረስ ያህል ብቻ ይቀረዋል ማለት ነው። በ1932 የወጣው ሞተር ከነበረው ጉልበት ጋር እኩል መሆኑ ነው! ውሃውም ቢሆን በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው እዚህ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ ክዳኑ እንፋሎቱን አምቆ በማይዘው በዚያን ዘመን ራዲያተር ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። ከ3000 ሜትር በላይ በሆነው በጣርማ በር ደግሞ ሁለቱም ከዚህ የባሱ ናቸው። ከብዙ አሮጌ ሾፌሮች አፍ «ደጋ ላይ ሞተር ይደክማል» የሚለው ቃል የሚሰማው በከንቱ አይደለም።

ይህን ሞተር የመፍታትና የማበርታት ጥበብ ያደገው ግን በካሚዮን ባለቤቶች ዘንድ አልነበረም፤ በአሜሪካ በካሊፎርንያ ግዛት በወጣቶች እጅ ነበር። ከሎስ አንጀለስ ከተማ ወዲያ በሚገኘው በረሃ ሙሮክ ይባል የነበረ የደረቀ ሐይቅ አለ፤ ሜዳው እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ነው። ወጣቶቹ አሮጌ ፎርድ መኪናቸውን እየነዱ በዚያ ይሽቀዳደሙ ነበር፤ በ1937ም ፍጥነታቸውን በሰዓት የሚመዘግብ ማኅበር አቋቋሙ። የፎርድ ቪ-8ን የመረጡበት ምክንያት ከሁሉ የተሻለ ሞተር በመሆኑ አልነበረም። በየብረታ ብረት ጓሮው ተጥሎ በጥቂት ገንዘብ ይገኝ ስለ ነበር ነው።

ከእነርሱ መካከል ዐዋቂ የተባሉት ሥራቸውን የሚጀምሩት ጉልበት በመጨመር አልነበረም፤ በማጠብ ነበር። ብሎኩ ባዶውን እስኪቀር ከተፈታ በኋላ በሚያቃጥል መድኃኒት ተቀቅሎ ይታጠባል፤ ምክንያቱም ብሎኩ ሲፈስስ ቅርጽ ለማውጣት የገባው አሸዋ ከውሃው መተላለፊያ ውስጥ ተጠራርጎ ሳይወጣ ለዓመታት የሚኖርበት ጊዜ ብዙ ነበር። ሾፌሩ ራዲያተር ሲለውጥ፣ ፓምፕ ሲለውጥ የኖረበት ግለት ከፋብሪካው በመጣ እፍኝ አሸዋ የተነሣ ሆኖ ይገኛል። ቀጥሎ ስንጥቅ ይፈለጋል፤ የዚህ ሞተር ብሎክ በቫልቩ መቀመጫና በሲሊንደሩ መካከል ባለው ቀጭን ብረት ላይ የመሰንጠቅ ጠባይ አለውና። ስንጥቁ ከባድ ከሆነ ብሎኩ ይጣላል እንጂ በላዩ ላይ ገንዘብ አይፈስበትም። ደኅና ሆኖ ከተገኘ ሲሊንደሩ በሬቲፊካ ይስተካከላል፤ አዲስ ፒስተንና ፋሻ፣ አዲስ ብሮንዚናም ይገባበታል፤ ፒስተኖቹና ቢዬላዎቹ በሚዛን እየተመዘኑ ክብደታቸው እኩል ይደረጋል። እስከዚህ ድረስ ገና አንድ ፈረስ እንኳ አልተጨመረም፤ ድሮ የነበረው ጉልበት ተመለሰ እንጂ።

ጭማሪው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሲሊንደሩን ከ81 ወደ 84 ሚሊሜትር ያሰፉታል፤ በ1949 ለመርኩሪ የወጣውን ክራንክሻፍት ይገጥሙበታል፤ በዚህም ፒስተኑ የሚሄድበት ርቀት ከ95 ወደ 102 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚያድግ 3.9 ሊትር የነበረው ሞተር 4.5 ሊትር ይሆናል። አንድ የነበረውን ካርቡራቶር ሁለት ወይም ሦስት ያደርጉታል፤ ቫልቮቹን የሚከፍተውንም ዘንግ ቫልቮቹ ከፍ ብለውና ቆይተው እንዲከፈቱ አድርገው ያስቀርጹታል።

እዚህ ላይ የዚህ ሞተር እውነተኛው ፈተና ይመጣል። ጉልበት እንዲገኝ አየሩ በብርቱ መታመቅ አለበት፤ ለዚህም ቴስታታውን ልጠው ወደ ታች ያቀርቡታል። ቴስታታው በቀረበ መጠን ግን ከቫልቩ ወደ ሲሊንደሩ ያለው የአየር መንገድ ይጠብባል። መንገዱን ለማስፋት ደግሞ በቫልቩና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን የብሎኩን ገጽ ቦርቡረው ያጎድላሉ፤ በዚያ ጊዜ አየሩ ቦታ ያገኛል፤ እመቃው ግን ይላላል። አንዱን ሲያነሡ ሌላው ይወድቃል። በጠፍጣፋ ቴስታታ ላይ የሠሩት ሁሉ፣ የታወቁትም ያልታወቁትም፣ በዚህ ገበያ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ አንዳንዶቹም ልካቸውን እንደ ቤተ ሰብ ምስጢር ደብቀው ይይዙ ነበር።

የደረሱበት ደረጃ የሚናቅ አልነበረም። በ1950 በዩታ ግዛት በቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ፣ ኤዴልብሮክ የተባለው የሎስ አንጀለስ ባለሙያ ያበጀው ጠፍጣፋ ቴስታታ ያለው ሞተር ዓሣ በመሰለ ቀጭን መኪና ውስጥ ሆኖ በሰዓት ከ330 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጠ። ከድኻ መኪና የወጣ ሞተር ነውና ክብር ይገባዋል። ነገር ግን ይህ ጸሐፊ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ አያልፍም፤ ለስንት ደቂቃ? የእሽቅድምድም ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ከዚያም ይበርዳል፣ ይፈታል፣ እንደ ገና ይገጠማል። የጢሱ መንገድ በብሎኩ ውስጥ ማለፉ፣ ክራንክሻፍቱም በሦስት ብሮንዚና ብቻ መደገፉ ለእሽቅድምድም ይቻል ይሆናል። ሦስት ቶን ተሸክሞ ገደል ዳር ለሚወጣ ሾፌር ግን ለአራት ደቂቃ የሚቈይ ጉልበት ጉልበት አይደለም።

ጥያቄውን ከካሚዮኑ ወገን ሆኖ ያየው ሰው ዞራ አርከስ ዱንቶቭ ይባላል። በ1909 በብራስልስ ከሩስያ አይሁድ ወላጆች ተወለደ፤ በሩስያ አደገ፤ በ1927 ወደ በርሊን ሄደ፤ በሻርሎተንቡርግ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1934 መሐንዲስ ሆኖ ወጣ። ጦርነቱ ሲነሣ ከወንድሙ ከዩራ ጋር በፈረንሳይ የአየር ኃይል ገባ፤ ፈረንሳይ ስትወድቅም በስፔንና በፖርቱጋል በኩል አምልጠው በ1940 መጨረሻ ኒው ዮርክ ደረሱ። ሁለቱ ወንድማማቾች በዚያ የብረታ ብረት ፋብሪካ አቋቁመው በጦርነቱ ዘመን ለጦር መሣሪያ የሚሆን ዕቃ ሠሩ። የፋብሪካውን ስም ከአርከስ «አር»ን፣ ከዱንቶቭ «ዱን»ን ወስደው አርዱን አሉት። ሰላም ሲሆን የጦሩ ትእዛዝ ቆመ፤ ለሠራተኛውና ለመኪናው ሁሉ ሌላ ሥራ መፈለግ ግድ ሆነ።

ዞራ ያሰበው ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው። በአሜሪካ መንገድ ላይ የፎርድ ቪ-8 የተገጠመባቸው ካሚዮኖች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ይግላሉ፤ ሁሉም ጉልበት ያንሳቸዋል። ባለቤታቸው አዲስ ሞተር ከሚገዛ፣ ብሎኩን፣ ክራንክሻፍቱንና ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ ባሉበት ትተን ሁለቱን ጠፍጣፋ ቴስታታዎች ብቻ አውልቀን በሌላ ብንተካለትስ? በ1947 ከፋብሪካው የወጡት የአርዱን ቴስታታዎች ከአሉሚኒየም የተሠሩ ነበሩ። ቫልቮቹ ከሲሊንደሩ በላይ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል ብለው፣ ግማሽ ሉል በመሰለ ጣሪያ ሥር ተቀመጡ። በብሎኩ ውስጥ የነበረው ዘንግ በረጃጅምና በአጫጭር በትሮች አማካይነት ከላይ ያሉትን ቫልቮች ይከፍታቸው ጀመር። አየሩ ታጥፎ መውረዱ ቀረ፤ ቀጥ ብሎ ገባ። ከሁሉም በላይ፣ ጢሱ በብሎኩ ውስጥ ማለፉን ትቶ ከቴስታታው በቀጥታ ወደ ውጭ ወጣ፤ በያንዳንዱ ረድፍ ለአራቱ ሲሊንደሮች አራት መውጫ ተገኘ። እስከ 100 ፈረስ ይሰጥ የነበረው ሞተር ከ160 በላይ ሰጠ፤ የቀድሞው የግለት ምክንያትም ከሥሩ ተነቀለ።

የአርዱን ብልኃት እዚህ ላይ ነው። የካሊፎርንያ ወጣቶች ባለው መንገድ ብዙ አየር ለማስገደድ ሲታገሉ፣ ዞራ ግን መንገዱን ራሱን ለወጠው፤ በዚያውም ጉልበቱንና ማቀዝቀዣውን በአንድ መድኃኒት ፈወሳቸው። ያለ እንከን ነበረ ማለት አይደለም። ቴስታታዎቹ ሰፋፊዎች ነበሩና በጠባብ የመኪና አፍንጫ ውስጥ አስቸገሩ፤ በትሮቹም በፈጣን አዟዟር ጊዜ ጠባያቸው አያስተማምንም ነበር፤ በኋላ የተጠቀሙባቸው ባለሙያዎች ብዙ ማረም ነበረባቸው። ያም ሆኖ ለካሚዮን የታሰበ ዕቃ ነበር፤ ካሚዮንም በዚያ ፍጥነት አይዞርም።

ይሁን እንጂ የካሚዮን ባለቤቶች አልገዙትም። በጦርነቱ ዘመን ሌላ ምርጫ አልነበረም፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን አዲስ ካሚዮን ይገኝ ጀመር፤ ባለ ንብረት የሆነ ሰውም ውድ ቴስታታ ገዝቶ ያረጀ ብሎክ ላይ ከመግጠም አዲሱን መግዛት መረጠ። በትክክል ካየነው ሒሳቡ ስሕተት አልነበረበትም። ፎርድ ራሱ በ1952 ለከባድ ካሚዮኖቹ ቫልቮቻቸው ከላይ የሆኑ 145ና 155 ፈረስ ያላቸው አዲስ ሞተሮች አወጣ። በ1953 ጠፍጣፋው ቪ-8 ከአሜሪካ ፋብሪካ መውጣቱን አቆመ፤ በ1954 የተተካው ሞተር ይዞታው 3.9 ሊትር ሆኖ ሳለ 130 ፈረስ ሰጠ። ማለትም ፋብሪካው ሁለቱ ስደተኛ ወንድማማቾች ከዓመታት በፊት ያመለከቱትን መንገድ ዘግይቶ ይዞ፣ በዋጋም አሸነፋቸው። የኒው ዮርኩ ፋብሪካ ከዚያ አስቀድሞ ተዘግቶ ነበር፤ ዞራም ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ የእሽቅድምድም መኪና ለሚሠራው ለአላርድ ሠርቷል። የተሠሩት ቴስታታዎች ጥቂት መቶ ጥንድ ብቻ ነበሩ።

እነዚያ ጥቂቶች ወዴት ሄዱ ብትሉ፣ ወደ ጨው ሜዳው ሄዱ። የካሊፎርንያ ሰዎች አርዱንን እንዳዩ ለካሚዮን የታሰበውን ነገር ለፍጥነት አዋሉት። ዞራ በ1953 በኒው ዮርክ በተደረገው ኤግዚቢሽን ላይ ኮርቬት የተባለውን መኪና አይቶ ወደ ጄኔራል ሞተርስ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ስሙ የሚነሣው ከኮርቬት ጋር ብቻ ሆነ። በ1996 ሲሞት ከካሚዮን ጋር የጀመረውን ሥራ የሚያስታውሱት ጥቂቶች ነበሩ።

ሐሳቡ ግን በሌላ አህጉር አንድ ጊዜ ነፍስ ዘርቷል። ፎርድ በፈረንሳይ አገር የነበረውን ፋብሪካ በ1954 ለሲምካ ሲሸጥ ትንሹ ጠፍጣፋ ቪ-8 አብሮ ተሸጠ፤ ከዚያም ወደ ብራዚል ተሻገረ። በ1966 የብራዚሉ ሲምካ በዚያ አሮጌ ብሎክ ላይ በአርዱን ሐሳብ የተሠሩ ግማሽ ሉል ያላቸውን ቴስታታዎች ገጥሞ ኤሚ-ሱል የሚል ስም አወጣለት፤ 2.4 ሊትር ብቻ የነበረው ሞተርም 140 ፈረስ ሰጠ። የአርዱን ሐሳብ በዚህ በፋብሪካ ደረጃ ከሽያጭ መኪና ጋር አብሮ ወጣ፤ እዚያም ቢሆን የተገጠመው በቤተ ሰብ መኪና ላይ እንጂ በካሚዮን ላይ አልነበረም።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ ካሊፎርንያ ውስጥ የአርዱን ቴስታታ በቀድሞው ቅርጽ እንደ ገና እየተሠራ ይሸጣል። ገዢዎቹ አሮጌ ፎርድ የሚያድሱ ሰዎች ናቸው፤ ሞተሩን ፈትተው፣ አሸዋውን አጥበው፣ ስንጥቁን ፈልገው፣ ሁለቱን የአሉሚኒየም ቴስታታዎች ይገጥሙበታል። ከእነርሱም አንዳንዶቹ የሚያድሱት የ1940ዎቹን የፎርድ ካሚዮን ነው።